የርካሽነት ምንጭ፦ ያገለገሉ የሞተር ብስክሌት የቆዳ አልባሳት ግዢና የጥራት መረጃ

አኅጽሮተ ጥናት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያገለገሉ የሞተር ብስክሌት የቆዳ አልባሳት በአነስተኛ ዋጋ ሲሸጡ የዋጋው ማነስ ከምን እንደሚመነጭ መመርመርና ገዢው ጠቃሚውን ርካሽነት ከአደገኛው የሚለይበትን መንገድ ማመልከት ነው። ትኩረቱ በብሪታንያና በአውሮፓ ገበያ ላይ ነው። ትንታኔው በሁለት መሠረቶች ላይ ቆሟል፤ አንደኛው ስለ መከላከያ አልባሳት የተደረጉ የአደጋ ጥናቶችና የአውሮፓ የደኅንነት ስታንዳርዶች ናቸው፤ ሁለተኛው ስለ ጥራት መረጃ አለመመጣጠን የሚያትተው የኢኮኖሚክስ ንድፈ ሐሳብ ነው። ጽሑፉ የሚያቀርበው መከራከሪያ እንደሚከተለው ነው፦ በልባሽ ገበያ ዋጋ የሚወሰነው በአብዛኛው በፋሽን፣ በልክና በሻጩ ዕውቀት እንጂ ልብሱ በአደጋ ጊዜ በሚሰጠው ጥበቃ ስላልሆነ፣ ዝቅተኛ ዋጋ በራሱ የጥራት ማነስ ምልክት አይደለም፤ ከፍተኛ ዋጋም የጥበቃ ዋስትና አይሆንም። በመሆኑም ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ቀዳሚ ጥያቄ «ስንት ነው?» የሚለው ሳይሆን «ለምን ረከሰ?» የሚለው ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ያገለገለ ልብስ፣ የለፋ ቆዳ፣ ሞተር ብስክሌት፣ የመረጃ አለመመጣጠን፣ የደኅንነት ስታንዳርድ

1. መግቢያ

መኪና አሽከርካሪውን በብረት አካል፣ በመቀመጫ ቀበቶና በአየር ከረጢት ይከልለዋል። የሞተር ብስክሌት ነጂ ግን ከወደቀበት ቅጽበት ጀምሮ ከተሽከርካሪው ይለያል፤ ከዚያ በኋላ በሰውነቱና በአስፋልቱ መካከል የሚቀረው የለበሰው ልብስ ብቻ ነው። ይህ ልብስ ግን በብዙ አገሮች ለነጂው ምርጫና አቅም የተተወ ነው። በብሪታንያ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራስ ቁር ማድረግ በሕግ ግዴታ ሲሆን ጃኬት፣ ሱሪ፣ ጓንትና ጫማ ግን ግዴታ አይደሉም። ቤልጅየም በ2011 እ.ኤ.አ. ጓንት፣ እጀ ረዥም ጃኬት፣ ረዥም ሱሪና ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ መልበስን በሕግ አስገድዳለች፤ ፈረንሳይ ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ጓንትን ግዴታ አድርጋለች። ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ውጭ ባለው ሁኔታ ሕጉ የራስ ቁሩን ያስገዛል፤ የቀረውን የሚያስገዛው ኪስ ነው።

ጉዳዩ የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው። ሞተር ብስክሌትን ለመዝናኛ የሚነዳ ባለ ገንዘብ አዲስና የተመሰከረለት ልብስ ለመግዛት አይቸገርም። ምግብና ዕቃ በማድረስ ሥራ የሚተዳደር፣ ተማሪ የሆነ ወይም መኪና መግዛት ስላልቻለ ብቻ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ግን ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ያለ መከላከያ ልብስ መንዳት፣ ወይ ያገለገለ መግዛት። ስለዚህ ያገለገለ የቆዳ ልብስን በትክክል የመምረጥ ዕውቀት የቁጠባ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአካል ደኅንነት ጉዳይም ነው። ይህን ዕውቀት ያልያዘ ገዢ ገንዘቡን ከማጣቱ በላይ ያልተጠበቀውን ሰውነቱን እንደ ተጠበቀ በመቁጠር ይሳሳታል።

2. የመከላከያ ልብስ ምን ይከላከላል?

በሞተር ብስክሌት አደጋ ልብስ የሚገጥመው ጉዳት በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው ሰውነት በአስፋልት ላይ ሲንሸራተት የሚደርሰው የፍትጊያ ጉዳት ነው፤ ቆዳን ይልጣል፣ ሥጋን ይገሸልጣል። ሁለተኛው ትከሻ፣ ክርን፣ ዳሌና ጉልበት ከመሬት ወይም ከሌላ አካል ጋር ሲጋጩ የሚደርሰው ምት ነው። ሦስተኛው ስለት ያለው ነገር ልብሱን ሲበጣ ወይም ስፌቱ ሲተረተር የሚከተለው ጉዳት ነው። የለፋ ቆዳ ዋና ጠቀሜታው በመጀመሪያውና በሦስተኛው ላይ ነው። ምትን የሚያለዝበው በልብሱ ውስጥ የሚገባው ምት መከላከያ ነው። ከባድ ግጭት የሚያስከትለውን የአጥንት ስብራትና የውስጥ አካል ጉዳት ግን ማንኛውም ልብስ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

ይህ ልዩነት በጥናት የተደገፈ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሃሪ ኸርት መሪነት ተካሂዶ በ1981 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ ወደ 900 የሚጠጉ የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በስፍራው ተገኝቶ የመረመረ ሲሆን፣ ወፍራም ጃኬት፣ ጓንትና ቡትስ የመላላጥንና የመቆረጥን ጉዳት እንደሚያስቀሩ ወይም እንደሚቀንሱ አመልክቷል። ሊዝ ደ ሮምና ባልደረቦቿ በአውስትራሊያ 212 አደጋ የደረሰባቸውን ነጂዎች አጥንተው በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት ደግሞ የበለጠ ዝርዝር ነው። ለሞተር ብስክሌት የተሠራ ጃኬት የለበሱት ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው በ21 በመቶ፣ ሱሪ የለበሱት በ51 በመቶ፣ ጓንት ያደረጉት በ59 በመቶ ካልለበሱት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

የዚሁ ጥናት ሌላኛው ግኝት ግን ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ አስፈላጊ ነው። ለሞተር ብስክሌት ተብለው ከተሠሩት አልባሳት መካከል 29.7 በመቶ የሚሆኑት ጃኬቶች፣ 28.1 በመቶ የሚሆኑት ሱሪዎችና 25.7 በመቶ የሚሆኑት ጓንቶች በአደጋው ወቅት በመጎዳታቸው መከላከል ሳይችሉ ቀርተዋል። ይህ አኃዝ የሚያስተምረው ልብሱ «የሞተር ብስክሌት ልብስ» ተብሎ መጠራቱ ብቻ በቂ አለመሆኑን ነው። ያገለገለ ልብስ የሚገዛ ሰው ደግሞ ይህን ጥርጣሬ ከዕድሜና ከአያያዝ ጥርጣሬ ጋር ደርቦ መሸከም አለበት።

3. ከሥራ ልብስነት ወደ ፋሽንነት

የቆዳ ጃኬት ዋጋ ከጥበቃ አቅሙ የተለየበትን ምክንያት ለመረዳት አጭር የታሪክ ዳራ ያስፈልጋል። በለንደን የሚገኘው ሉዊስ ሌዘርስ ሥሩ እስከ 1892 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚመዘዝ የልብስ ድርጅት ነው። በኒው ዮርክ አርቪንግ ሾት «ፐርፌክቶ» የተባለውን ባለ ዚፕ የሞተር ብስክሌት ጃኬት በ1928 እ.ኤ.አ. አቅርቧል፤ በወቅቱ የተሸጠውም በ5.50 ዶላር ነበር። እነዚህ ልብሶች ሲሠሩ ዓላማቸው ነጂውን ከነፋስ፣ ከብርድና ከመላላጥ መጠበቅ ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. ማርሎን ብራንዶ ይህን የመሰለ ጃኬት ለብሶ በፊልም ከታየ በኋላ ግን ጃኬቱ ሞተር ብስክሌት ነድተው የማያውቁ ወጣቶችም የሚመኙት የአመፀኝነት ምልክት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች አንድ ዓይነት መልክ ይዘው በገበያ ውስጥ ይኖራሉ። አንደኛው ከወፍራም የላም ቆዳ ተሠርቶ በጠንካራ ክር የተሰፋ የመከላከያ ልብስ ነው። ሁለተኛው ከስስ የጠቦት ቆዳ ወይም ፕላስቲክ ከተቀባ ውህድ ጨርቅ የተሠራ፣ መልኩን ብቻ የተዋሰ የፋሽን ልብስ ነው። በአዲስ ዕቃ መደብር ሁለቱ በተለያዩ ቦታዎች ይሸጣሉ። በልባሽ ገበያ ግን በአንድ ማንጠልጠያ ላይ ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ ብዙ ጊዜም በተመሳሳይ ዋጋ። የግዢው የመጀመሪያ ተግባር እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው።

ታሪኩ ሌላም ውጤት አለው። የቀድሞ ዘመን ታዋቂ ጃኬቶች ዛሬ በሰብሳቢዎች ስለሚፈለጉ ዋጋቸው ከፍ ይላል። የእነዚህ ጃኬቶች ክር ግን አርጅቷል፤ አብዛኞቹም ምት መከላከያ የሚገባበት ኪስ የላቸውም። በአንጻሩ ደማቅ ቀለምና ትልልቅ ጽሑፍ ያለበት፣ ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ የእሽቅድድም ልብስ ከፋሽን በመውጣቱ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ይረክሳል። ሆኖም ቆዳው ወፍራም፣ ስፌቱ ድርብ ሊሆን ይችላል። በዚህ ገበያ ዋጋና ጥበቃ አንዳንድ ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ ማለት ነው።

4. የመረጃ አለመመጣጠንና የሻጮች ዓይነት

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ፣ ሻጩ የዕቃውን ጉድለት እያወቀ ገዢው ግን ሳያውቅ ሲቀር ምን እንደሚከተል አሳይቷል። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይፈቅዳል፤ የጥሩ ዕቃ ባለቤት በዚህ ዋጋ መሸጥ ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል፤ በመጨረሻም ገበያው ለመጥፎ ዕቃዎች ይቀራል። አከርሎፍ ለዚህና ለተዛማጅ ሥራዎቹ ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ይህ ንድፈ ሐሳብ ያገለገሉ የቆዳ አልባሳትን ገበያ በከፊል ይገልጻል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይገልጸውም። ምክንያቱም ንድፈ ሐሳቡ ሻጩ እንደሚያውቅ ታሳቢ ያደርጋል። በዚህ ገበያ ግን ሻጮች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ በብሪታንያ ከተሞች የሚበዙት የበጎ አድራጎት ሱቆችና የሟች ዘመዶቻቸውን ንብረት የሚሸጡ ቤተሰቦች ናቸው። እነዚህ ስለ ልብሱ የሚያውቁት ከገዢው አይበልጥም፤ ብዙ ጊዜም ያንሳል። እዚህ ላይ ያለው አለመመጣጠን ሳይሆን የጋራ አለማወቅ ነው። ዋጋው በዘፈቀደ ስለሚወጣ፣ ስለ ቆዳ የሚያውቅ ገዢ እጅግ የሚጠቀምበት ቦታ ይህ ነው።

ሁለተኛዎቹ ልብሱን ራሳቸው ሲለብሱት የቆዩ ነጂዎች ናቸው። እነርሱ ልብሱ መቼ እንደተገዛ፣ ወድቀውበት እንደሆነና እንዴት እንደተያዘ ያውቃሉ፤ የአከርሎፍ ንድፈ ሐሳብ በትክክል የሚሠራው በእነርሱ ላይ ነው። ሆኖም ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ የሚሸጡት ልብሱ ስለተበላሸ ሳይሆን መንዳት ስላቆሙ ወይም ሰውነታቸው ስለተለወጠ ነው። የመሸጫው ምክንያት ከጥራት ጋር ግንኙነት ከሌለው ዕቃው ጥሩ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። «ለምን ይሸጣል?» የሚለው ጥያቄ ወግ ለመጀመር ያህል የሚጠየቅ ሳይሆን ዋና የመረጃ ምንጭ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛዎቹ ያገለገሉ የነጂ አልባሳትን ገዝተው፣ አጽድተውና ጠግነው የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ገዢው ከልብሱ ጋር የሕግ ጥበቃም ይገዛል። በብሪታንያ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ነጋዴ ለሚሸጠው ያገለገለ ዕቃም ይሠራል፤ ዕቃው ዕድሜውና ዋጋው ግምት ውስጥ ገብቶ አጥጋቢ ጥራት ሊኖረው ይገባል። ከግለሰብ የሚገዛ ሰው ግን በዋናነት ሊጠይቅ የሚችለው ዕቃው ሻጩ እንደገለጸው መሆኑን ነው። ስለዚህ ከግለሰብ በሚገዛበት ጊዜ «ወድቀህበታል ወይ?» ተብሎ የተጠየቀውና የተመለሰው ነገር በጽሑፍ ቢቀር ይመረጣል።

5. ጉድለትን የመመርመር ስልት

ቆዳ ከሌሎች የመከላከያ ዕቃዎች የሚለይበት አንድ በጎ ባሕርይ አለው፤ ታሪኩን በገጹ ላይ ይጽፋል። በአደጋ የተመታ የራስ ቁር ውስጣዊ አረፋው ተጨፍልቆ ከውጭ ምንም ላይታይበት ይችላል፤ ያገለገለ የራስ ቁር መግዛት የማይመከረውም ለዚህ ነው። ቆዳ ግን ፍትጊያን፣ ድርቀትንና ጥገናን ለሚያይ ዓይንና ለሚዳስስ እጅ ይገልጻል። ምርመራው ሊታደስ ከማይችለው ጀምሮ ሊተካ ወደሚችለው ቢሄድ ጊዜንና ገንዘብን ይቆጥባል።

5.1. ቆዳው

ለሞተር ብስክሌት ጃኬትና ሱሪ በተለምዶ የሚመረጠው ከ1.2 እስከ 1.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የላም ቆዳ ነው። የካንጋሮ ቆዳ ከላም ቆዳ ስስ ሆኖ ተመሳሳይ ጥንካሬ ስለሚሰጥ በእሽቅድድም ልብሶች ላይ ይገኛል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። ውፍረት በልብሱ ጠርዝ ላይ በመለኪያ ሊረጋገጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ውፍረት ብቻውን አያሳምንም። ቆዳ ለሁለት ሲሰነጠቅ ጠንካራው የላይኛው፣ ማለትም የፀጉሩ ወገን ነው። የታችኛው ንጣፍ በፕላስቲክ ተቀብቶ የላይኛውን መምሰል ይችላል። ልዩነቱ በተቆረጠ ጠርዝ ላይ ይታያል፤ ከገጹ ላይ እንደ ወረቀት የሚላጥ ሽፋን ካለ ልብሱ ለመከላከያነት አይመረጥም።

ቀጥሎ ቆዳው ወደ ውጭ ታጥፎ ይታያል። ሲታጠፍ ቀለሙ ትንሽ ቢፈዝና ሲዘረጋ ቢመለስ ችግር የለውም። ጥቃቅን ስንጥቆች ተከፍተው የውስጡ ገርጣ ያለ ጭረት ከታየ ግን ቆዳው ሞቷል። ቆዳን የሚያለሰልሰው በማልፋት ሂደት ውስጥ የተጨመረው ቅባት ነው፤ ይህ ቅባት በዕድሜ፣ በፀሐይና በተደጋጋሚ መበስበስ ሲያልቅ የኮላጅን ጭረቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይደርቃሉ። የበሰበሰ ልብስን በማሞቂያ አጠገብ ማድረቅ ጉዳቱን ያፋጥናል። አዲስ የተቀባ ቅባት ለጊዜው ስንጥቅን ሊሸፍን ስለሚችል፣ ከመጠን በላይ የሚያብለጨልጭና እጅ ላይ ቅባት የሚተው ያረጀ ልብስ ይበልጥ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል።

የመውደቅ ምልክት በክርን፣ በትከሻ፣ በዳሌና በጉልበት ላይ ይፈለጋል። በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ጭረቶች መንሸራተትን ያመለክታሉ። ከአካባቢው የተለየ የገጽ ቅንጣት ያለው ቁራጭ ወይም ቀለሙ ብቻ የታደሰ ቦታ ጥገናን ያመለክታል። በሙያተኛ እጅ ሙሉ ቁራጩ የተተካ ልብስ ሊያገለግል ይችላል፤ ቀለም ብቻ የተቀባበት ግን ውፍረቱን ያጣውን ቦታ ደብቋል።

5.2. ስፌቱ

ብዙ ገዢዎች ቆዳውን ሲመረምሩ ስፌቱን ይዘነጉታል። ነገር ግን ልብስ በአደጋ ጊዜ ቆዳው ከማለቁ በፊት በስፌቱ ሊከፈት ይችላል፤ ስፌቱ ከተከፈተ የቆዳው ጥንካሬ ዋጋ የለውም። ያረጁ ልብሶች የተሰፉበት የጥጥ ክር በላብና በእርጥበት ይበሰብሳል። የናይሎን ክር በፀሐይ ብርሃን ይዳከማል፤ ፖሊስተር ብርሃንን በመቋቋም ይሻላል።

ምርመራው ቀላል ነው። ስፌቱን መሃል አድርጎ ሁለቱን ወገኖች በሁለት እጅ አጥብቆ መሳብ ያስፈልጋል። ክሩ በመካከል እንደ መሰላል ደረጃ ተዘርግቶ ከታየ ወይም የመርፌው ቀዳዳዎች ረዝመው ከተገኙ ስፌቱ ላልቷል። ቢያንስ ሁለት የስፌት መስመር ያለው፣ አንዱም ከፍትጊያ ተሸሽጎ ከውስጥ የሚያልፍ አሠራር ተመራጭ ነው። አንድ የክር መስመር ብቻ ያለው ልብስ በአብዛኛው የፋሽን ልብስ ነው። ገበሩ ስፌቱን ስለሚሸፍን በምት መከላከያው ኪስ በኩል እጅ አስገብቶ መዳሰስ ይጠቅማል፤ የሻጋታ ሽታና ነጭ የላብ ጨው ምልክትም በዚሁ ጊዜ ይታያል።

5.3. ምት መከላከያው

በክርን፣ በትከሻ፣ በጉልበትና በዳሌ የሚገቡ ምት መከላከያዎች የሚፈተኑት ኢኤን 1621-1 በተባለው የአውሮፓ ስታንዳርድ ነው። በፈተናው 50 ጁል ጉልበት ያለው ምት ሲያርፍባቸው ወደ ሰውነት የሚያሳልፉት አማካይ ኃይል ለደረጃ 1 ከ35 ኪሎኒውተን፣ ለደረጃ 2 ከ20 ኪሎኒውተን መብለጥ የለበትም። ለጀርባ መከላከያ የሚሠራው ኢኤን 1621-2 ደግሞ ገደቡን ለደረጃ 1 በ18፣ ለደረጃ 2 በ9 ኪሎኒውተን ወስኗል።

ባረጁ ልብሶች ውስጥ የሚገኙት መከላከያዎች ምንም ምልክት የሌላቸው ስስ ስፖንጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ምልክት ያላቸውም ቢሆኑ ከፖሊዩሪቴን አረፋ የተሠሩት በእርጥበትና በዕድሜ ይፈረፈራሉ። ሆኖም ይህ ጉድለት ከሁሉም በቀላሉ የሚታረም ነው፤ ልብሱ ተገቢ ኪስ ካለው አዲስ መከላከያ ለብቻው ተገዝቶ ይገባል። ስለዚህ የመከላከያው መጥፋት ልብሱን ላለመግዛት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን በቂ ምክንያት ነው።

5.4. ልኩ

ምት መከላከያ የሚጠቅመው በግጭቱ ቅጽበት በቦታው ከተገኘ ብቻ ነው። የሰፋ ጃኬት እጅጌው ሲንሸራተት ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ የክርኑ መከላከያም ወደ ጎን ይዞራል። ስለዚህ ልክ የሚፈተነው ቆሞ በመስታወት ፊት ሳይሆን በሞተር ብስክሌት ላይ በሚቀመጡበት አኳኋን፣ ክንድን ወደ ፊት ዘርግቶ ነው። በዚህ ጊዜ እጅጌው እስከ አንጓ መድረስ፣ ጀርባው ወገብን መሸፈን፣ መከላከያው በእጅ ሲገፋ አለመዞር አለበት። የአውሮፓ የወንዶች ልክ 50 ከብሪታንያ 40 ጋር በግምት ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ያገለገለ ቆዳ በቀድሞው ባለቤት ሰውነት ቅርጽ ስለሚላላ ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ መለካት ይታመናል። ጃኬትና ሱሪ ለየብቻ ሲገዙ የሚያገናኛቸው ዚፕ መግጠሙም መታየት አለበት፤ ካልገጠመ በወደቁ ጊዜ ወገብ ይራቆታል።

5.5. መለያ ምልክቱ

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት በመለያው አነባበብ ነው። በጃኬት ላይ «ሲኢ መከላከያ» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ የተመሰከረለት በውስጡ ያለው ምት መከላከያ እንጂ ጃኬቱ ራሱ ላይሆን ይችላል። ሙሉ ልብሱ የተፈተነባቸው ስታንዳርዶች ሁለት ናቸው። ቀዳሚው በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢኤን 13595 ሲሆን፣ ለፍትጊያ ይበልጥ በሚጋለጡት የልብሱ ክፍሎች ላይ ያለው ቁስ በሰከንድ 8 ሜትር በሚሮጥ የብርጭቆ ወረቀት ላይ ለደረጃ 1 ቢያንስ 4 ሰከንድ፣ ለደረጃ 2 ቢያንስ 7 ሰከንድ ሳይበሳ እንዲቆይ ይጠይቅ ነበር። የተካው ኢኤን 17092 በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ልብሶችን በአምስት ይመድባል፤ ከፍተኛው ጥበቃ «ኤኤኤ»፣ ቀጥሎ «ኤኤ»፣ ከዚያም «ኤ» ነው። «ቢ» ፍትጊያን ብቻ፣ «ሲ» ደግሞ ምትን ብቻ ለሚከላከሉ ልብሶች የተመደቡ ናቸው።

ሙሉ ልብስን የማስመስከር አሠራር የተስፋፋው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2016/425 ከሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተግባራዊ ከሆነ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ጥሩ ልብሶች መለያ የላቸውም። እንግዲህ የመለያ አለመኖር የድክመት ማስረጃ አይደለም። መለያው ቢኖርም የመሰከረው ልብሱ አዲስ በነበረበት ጊዜ ስለነበረው አቅም ነው፤ ከአሥር ዓመት ፀሐይና ላብ በኋላ ስላለው አቅም የሚመሰክረው ከላይ የተገለጸው ምርመራ ብቻ ነው።

6. እውነተኛውን ዋጋ ማስላት

የተጠየቀው ዋጋ የልብሱ እውነተኛ ዋጋ አይደለም። እውነተኛው ዋጋ የግዢው ገንዘብ፣ የጥገናው ወጪና የአዲስ ምት መከላከያ ወጪ ድምር ነው። ለማስረዳት ያህል ብቻ በተወሰዱ አኃዞች ሁለት ጃኬቶችን ማነጻጸር ይቻላል። አንደኛው በ40 ፓውንድ ይሸጣል፤ ነገር ግን ዋናው ዚፕ መቀየር ስላለበት 35 ፓውንድ፣ ምት መከላከያ ስለሌለው 45 ፓውንድ ይጠይቃል። ድምሩ 120 ፓውንድ ነው። ሁለተኛው በ90 ፓውንድ ይሸጣል፤ ዚፑ ደህና ነው፣ ደረጃ 2 መከላከያም አለው። ረከሰ የተባለው በ30 ፓውንድ ተወደደ ማለት ነው።

ከዚህ ስሌት በፊት ግን ጉድለቶች በሁለት መከፈል አለባቸው። የተሰነጠቀ ቆዳ፣ በብዙ ቦታ የበሰበሰ ክር፣ በፍትጊያ የሳሳ ቦታና የማይስማማ ልክ በዋጋ ቅናሽ የሚካካሱ አይደሉም፤ ልብሱ በነጻ ቢሰጥ እንኳ ለመንዳት አይሆንም። የተበላሸ ዚፕ፣ የተቀደደ ገበር፣ የጠፋ መከላከያ፣ የደበዘዘ ቀለምና ያለፈበት ፋሽን ግን ዋጋ የሚቀንሱ እንጂ ጥበቃን የሚያጠፉ አይደሉም። ገዢው መፈለግ ያለበት በሁለተኛው ዝርዝር የተነሣ የረከሰውን ነው።

7. ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ላለ ተመራማሪም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ደጋ በጎች ፀጉራም እንጂ ጥቅጥቅ ያለ ሱፍ ያላቸው አይደሉም፤ በዚህም የተነሣ የቆዳቸው ጭረት እርስ በርሱ የተቆላለፈና ጠንካራ ስለሚሆን በዓለም የጓንት ኢንዱስትሪ ዘንድ ተፈላጊ ነው። «የበግ ቆዳ ደካማ ነው» የሚለው በገዢዎች ዘንድ የተለመደ አጠቃላይ አባባል ሱፍ ባላቸው በጎች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ሁሉንም አይመለከትም። ለጃኬትና ለሱሪ ግን ውፍረት ስለሚያስፈልግ የላም ቆዳ ቀዳሚነቱን እንደያዘ ነው።

በሌላ በኩል ሞተር ብስክሌት በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የዕለት እንጀራ ማግኛ ሆኗል። ልባሽ ልብስ ለንግድ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ሰልባጅ በየገበያው እንደሚገኝ የታወቀ ነው፤ በዚያ ውስጥ የሚመጣ የቆዳ ጃኬት የሚመዘነውም በመልኩና በሙቀቱ እንጂ በስፌቱ አይደለም። የቆዳ ማልፋትና የቆዳ ስፌት ሙያ ባለበት አገር፣ አሮጌ ጃኬትን በአዲስ ክር የመስፋትና የምት መከላከያ ኪስ የመጨመር ሥራ ለአነስተኛ አውደ ጥናቶች የሚሆን መስክ ነው። በዚህ ረገድ የሀገር ውስጥ ቆዳን የፍትጊያ አቅም በተቆጣጠረ ፈተና የሚለካ ጥናት ቢካሄድ ለነጂውም ለባለሙያውም ይጠቅማል።

8. ማጠቃለያ

ያገለገለ የሞተር ብስክሌት የቆዳ ልብስ በአነስተኛ ገንዘብ ከፍተኛ ጥበቃ ሊገኝበት የሚችል ዕቃ ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን የዋጋው ማነስ ምንጭ ከታወቀ ብቻ ነው። ልብሱ የረከሰው ከፋሽን ስለወጣ፣ የቀድሞ ባለቤቱ ሰውነት ስለተለወጠ ወይም ሻጩ የያዘውን ስላላወቀ ከሆነ ትርፉ የገዢው ነው። የረከሰው ቆዳው ስለደረቀ፣ ክሩ ስለበሰበሰ ወይም ከመጀመሪያውም የፋሽን ልብስ ስለነበረ ከሆነ ግን ልዩነቱ አንድ ቀን በአስፋልት ላይ በገዢው ሰውነት ይከፈላል። ሁለቱን የሚለየው ዕውቀት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቆዳን ማጠፍ፣ ስፌትን መሳብ፣ መለያን አስተካክሎ ማንበብና ሻጩን በትክክል መጠየቅ ነው። ገንዘብ ለሌለው ነጂ ይህ ዕውቀት ከልብሱ ቀድሞ ሊያዝ የሚገባው የመጀመሪያው መከላከያ ነው።